በስም ጥሪ የተዘለለው ስም

በመጀመሪያ አንድ ነገር ላርም። ከጠዋት ጀምሮ «መምህር ቶለሳን ወደ ትምህርት ቤታችን ያመጧቸው እትዬ ዘነበች ናቸው» እየተባለ እዚህ ፌስቡክ ላይ ይጻፋል። ሐሰት ነው። ዘነበች እኔ ነኝ፤ እንዳይመጡ ከተቃወሙት አንዷ ነበርኩ። «ልጅ የሚያስፈልገው ሥርዓት ነው፤ ለምክሩ እኛ አለን» ብዬ በስብሰባ ተናግሬአለሁ።

አሁን ደግሞ ሞቱ ይሉኛል። ሐሙስ ዕለት በስልክ የሳቁብኝ ሰው! የደወለችልኝን «አጣሪ» ብዬ ተቆጣኋት። አጣርታ መልሳ ደወለች። እውነት ነው።

መምህር ቶለሳ እዚህ መቱ አብረን ስንሠራ የተማሪዎች አማካሪ ነበሩ። አማርኛም ኦሮምኛም እኩል ይናገራሉ። እኔ የአማርኛ መምህርት ነበርኩ፤ ኦሮምኛዬ ሽንኩርት ከመግዛት አያልፍም።

አንዲት የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ነበረችኝ፤ ዳሪሙ ከሚባል ገጠር የመጣች፣ የክፍል አለቃ። ስሟን አልጽፍም። አንድ ሰኞ ስም ስትጠራ «ገመቹ» የሚለውን ዘለለችው። ልጁ እጁን አውጥቶ «እኔስ?» አለ። «ለምን ዘለልሽው? ድገሚ» አልኳት። ደገመች፤ አሁንም ዘለለችው። በሦስተኛው «ወላጅ ሳታመጪ እንዳትገቢ» ብዬ አስወጣኋት።

መምህር ቶለሳ መጡ።

«እትዬ፣ ለምን እንደዘለለችው ጠየቋት?»

«ሦስት ጊዜ!»

«ቆማ ነው ተቀምጣ?»

«ቆማ ነዋ!»

«በየትኛው ቋንቋ?»

«በአማርኛ።»

«መጀመሪያ ወንበር» አሉ። ለተማሪም፣ ለወላጅም፣ ለተቆጣ ርእሰ መምህርም የሚሉት ይህንኑ ነው። አስቀመጧትና በኦሮምኛ ስለ ቤቷ ጠየቋት። ከዚያ ልጅቷን አስፈቅደው ነገሩኝ። በዚያው ሰሞን ታጭታለች። የወደፊት አማቷ ስም ገመቹ ነው። የታጨች ልጅ ደግሞ የአማቷን ስም በአፏ አትጠራም፤ ነውር ነው።

እልኸኛ ያልኳት ልጅ ጨዋ ነበረች። ወላጅ አምጪ ብዬ መስደዴ ወደ ሠርጓ መሸኘቴ ነበር።

በማግስቱ መምህር ቶለሳ ሠርጉ እንዲቀር ሊለምኑ ሁለት ሽማግሌ ይዘው ዳሪሙ ወረዱ፤ አብዛኛውን በእግር። ከአባቷ ጋር የተባባሉትን አልሰማሁም። ሦስት ጊዜ መመላለሳቸውን ግን ከጫማቸው ጭቃ አውቃለሁ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ልጅቷ ተመለሰች። ምንም ሳልጠይቅ የስም ዝርዝሩን ሰጠኋት። እዚያ ስም ላይ ስትደርስ ቀና አለች።

«ገመቹ!»

«ኧረ አልደነቆርኩም!» አለ ልጁ።

ክፍሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። እትዬ ዘነበች ክፍል ውስጥ የሳቁት ያን ቀን ብቻ ነው ይባላል፤ ይህኛው ወሬ ትክክል ነው።

ዛሬ መርዶውን የነገረችኝ እሷው ናት። አሁን ራሷ መምህርት ነች።

መምህር ቶለሳ፣ ጡረታ ከወጣሁ ጀምሮ በስልክ ኦሮምኛ ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። ሐሙስም የሳቁት በአነጋገሬ ነበር። ደግ አደረጉ፤ ያን ሳቅ ይዤ ቀረሁ። በሰላም ይረፉ።

ነገ ማለዳ በመጀመሪያው ሚኒባስ ጎሬ፣ እናትዎ ዘንድ እወጣለሁ። መጀመሪያ አጠገባቸው ወንበር ስቤ እቀመጣለሁ። ቀጥዬ «ዋቅኒ ኢሲን ሃ ጀጀቤሱ» እላቸዋለሁ፤ እግዜር ያጽናዎት። ከዚያ ይህን የጻፍኩትን ሁሉ፣ ስምዎን ሳልዘል፣ በኦሮምኛ አወራላቸዋለሁ። ስሳሳት እናትዎ ያርሙኛል።