የሔራን ምላስ

ጎረቤቴ ሔራን ቂመኛ ናት። ይህን የምለው ላማት አይደለም፤ በእሷ ቦታ ብሆን ከዚህም እከፋ ነበር። ከጣና ብዙም ሳይርቅ ፔዳ በሚባል ሰፈር አንድ ግቢ ውስጥ ግድግዳ ተጋርተን ነው የምንኖረው። ስለዚህ የምነግራችሁ ከራሷ የሰማሁትንና በግድግዳው ያለፈውን ነው።

ሔራን ከዳኘው ጋር የተጋባችው በተክሊል ነው። ሁለቱም ቆርበዋል። ለመቁረብ ደግሞ ከዋዜማው ጀምሮ እህል ውሃ የለም፤ ሔራንማ ጠብታ ውሃ በጉሮሮዋ እንዳያልፍ ፈርታ አፏን እንኳ አልተጉመጠመጠችም። ከቆረቡ በኋላ መትፋት ስለማይፈቀድ ብሩሹም መፋቂያውም ቀረ። እንደዚያው ካባዋን ደርባ ጣና ዳር ለፎቶ ወረደች። ፎቶ አንሺው «ጉንጭ ለጉንጭ!» ሲል የዳኘው እህት መሲ ካባዋን ልታስተካክልላት ጠጋ አለችና አፍንጫዋን ይዛ ወደ ኋላ ሸሸች።

«ውይ በስማም! ሙሽሪት አፏ!»

ሚዜዎቹ ሳቁ። መሲን ተዉአት፤ ድሮም አፏ ልጓም የለውም። ዳኘው ግን ሳቀ። በሳቁም አላበቃ፣ ፊቱን ወደ ሐይቁ አዞረ። የእሱም አፍ ከዋዜማው ጀምሮ ብሩሽ አልነካውም፤ የወንዱን አፍ ግን ማን ያሸታል? ፎቶው ሳሎን ተሰቅሏል። እንግዳ ሁሉ «ሐይቁን ሲያይ እንዴት ያምራል!» ይላል፤ ሔራንም ሻይ ትቀዳለች።

ከዚያ ወዲህ እጇን አፏ ላይ ሳትጭን ስቃ አታውቅም። የአጸደ ሕፃናት አስተማሪ ነበረች። ልጆቹ ፊቷ ድረስ እየተጠጉ ሲያወሯት ጭንቅ ሆነባትና አለቆቿን ለምና ንብረት ክፍል ገባች፤ ወንበርና ጠመኔ አያሸቱም። ጠዋት ጠዋት ምላሷን በማንኪያ ጠርዝ ትፍቃለች፣ ደም እስኪወጣ። ሲብስባት ጨው አልለይ አላትና ወጡ ሁሉ ጨው በጨው ሆነ። ዳኘው «ምን ነክቶሽ ነው?» እያለ ይነጫነጫል። ምን እንደነካት ግን አንድ ቀን ቁጭ ብሎ ጠይቋት አያውቅም።

ባለፈው ዓመት ምላሷ ቆስሎ አላስበላ ሲላት እጇን ይዤ ጥርስ ክሊኒክ ወሰድኋት። ሐኪሟ ወጣት ናት። ምላሷን አስወጥታ በባትሪ አየች፤ ጠጋ ብላም አሸተተች።

«ምንም መጥፎ ሽታ የለብዎትም። ምላስዎን ግን ልጠውታል። ይሄን ማን አዘዘዎት?»

ሔራን የሠርጓን ቀን ነገረቻት። ሐኪሟ ራሷን ነቀነቀች።

«ሳይበሉ ሳይጠጡ ሲያድሩ አፍ ይደርቃል፤ ምላስ ላይ ነጭ ነገር ይጋገራል። ያን ጊዜ የማንም ሰው አፍ ይሸታል። ሲበሉ፣ ሲጠጡ፣ ሲያጸዱት ደግሞ ይሄዳል። ምላስ የሚጸዳው በለስላሳ ብሩሽ፣ ከውስጥ ወደ ውጭ፣ ቀስ ተብሎ ነው። አሁን ግን እስኪድን አይንኩት።»

ወጥተን ባጃጅ ስንጠብቅ ሔራን አላለቀሰችም። ፊቷ ብቻ ቀላ።

«የአንድ ጠዋት ነገር!» አለች። «ለአንድ ጠዋት ነገር ነው ዕድሜዬን የጨረስሁት። ቆይ፣ አሳየዋለሁ!»

ደስ አለኝ፤ አልደብቅም።

ከማግስቱ ጀመረች። ዳኘው ሊያወራ አፉን ሲከፍት ተነሥታ መስኮት ትከፍታለች። ሲጠጋት ውሃ ልትቀዳ ትሄዳለች። «ምን ሆነሻል?» ሲላት «ምንም» ትላለች። አፉ ንጹሕ እንደሆነ እሷም ታውቃለች፣ እኔም አውቃለሁ። ዳኘው የሽያጭ ሠራተኛ ነው፤ እንጀራው ወሬ ነው። መጀመሪያ ማስቲካ አበዛ። ቀጥሎ ከደንበኛ ራቅ ብሎ መቆም ጀመረ። ስብሰባ ላይ ዝም አለ፤ ለቅሶ ቤት እንኳ ጥግ ይዞ መቀመጥ ሆነ ሥራው። ጠዋት ምላሱን ሲፍቅ ሲያቅለሸልሸው በግድግዳው በኩል ስሰማ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ቁርሴ ይጣፍጠኝ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ረፋድ ከሔራን ጋር በረንዳው ላይ ከቆጋ መስኖ የመጣ ሽንኩርት እየላጥን ሳለ ዳኘው ከውጭ መጣ። ከስቷል።

«ክሊኒክ ሄድሁ» አለ። «ሐኪሟ ምንም የለብዎትም አለችኝ።»

«ለእኔም እንደዚያ ነው ያለችኝ» አለች ሔራን ቀና ሳትል።

ደርቆ ቆመ። አንዴ እሷን፣ አንዴ እኔን አየ።

«ሆን ብለሽ ነው? ይሄን ሁሉ ጊዜ… ምን በደልሁሽ?»

ቢላዋውን አስቀመጠች። ይህን ጥያቄ ስንት ዘመን እንደጠበቀችው እኔ አውቃለሁ።

«በሠርጋችን ቀን፣ ጣና ዳር፣ መሲ ስትጮህ» አለችው፣ «ለምን ሳቅህ?»

ዳኘው ግንባሩን ቋጠረ። አሰበ። ከልቡ እንዳሰበ ፊቱ ላይ ይታያል፤ መዋሸት እንኳ አያውቅም።

«መሲ ምን ብላ ነው የጮኸችው?» አለ።