ሌንስዎን አድርገው ይምጡ

ከደሴ ተመድቤ መቀሌ በገባሁ ማግስት ሥራ ጀመርኩ። የሆስፒታሉ የዓይን ክፍል ኃላፊ ሲስተር ኣበባ ነበሩ። ደብዳቤዬን አንብበው ሳይጨርሱ ክንዴን ይዘው ጨለማው ክፍል አስገቡኝና በሩን ዘጉት። መስኮቱ በጥቁር መጋረጃ ተሸፍኗል። የገዛ እጄ አይታየኝም።

«ምን ይታይሃል?» አሉኝ።

«ምንም።»

«እንግዲያው ጠብቅ።»

ጠበቅሁ። መጀመሪያ የወንበሩ ጠርዝ፣ ቀጥሎ የሲስተር ነጭ ጋውን፣ ቀስ እያሉ ከጨለማው ወጡ። ከዚያ ስሊት ላምፕ የምንለውን መመርመሪያ አበሩና አገጫቸውን መደገፊያው ላይ አሳረፉ። «በል ዓይኔን እይ» አሉኝ። እንደ ክር የቀጠነው ብርሃን ዓይናቸው ላይ ሲያርፍ ያየሁትን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ቡናማ መስክ አለ፤ በመሃሉ ጥቁር ጉድጓድ፣ ከላዩ ደግሞ የጠራ ውሃ የመሰለ ነገር። ሰው ውስጥ ይህን የሚያህል አገር ያለ አይመስለኝም ነበር። አፌን ከፍቼ ቀረሁ።

«ሽርሽር የመጣህ መሰለህ እንዴ?» ብለው ሳቁብኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጡረታ እስከወጡ ድረስ «ሕልመኛው» እያሉ ነው የጠሩኝ። እውነታቸውን ነው። ጨለማው ክፍል ውስጥ ሰዓት የሚሄድ አይመስለኝም፤ ብዙ ጊዜ ምሳ ሰዓት ያለፈኝ እዚያ ቁጭ ብዬ ነው።

ሲስተር ከመሣሪያ እኩል የሚያከብሩት የቀጠሮ ካርድን ነበር። «በሽተኛ እኛን ቤቱ ይዞ አይሄድም፤ የሚይዘው ካርዱን ነው። ካነበበው በኋላ ጥያቄ እንዳይቀርበት አድርገህ ጻፍ» ይሉኝ ነበር። ፊደሌ ካላማራቸው ካርዱን ቀድደው እንደገና ያስጽፉኛል። አንድ ቀን ሦስት ጊዜ ቀደዱብኝ። ተናድጄ ነበር፤ ዛሬ ግን ጽሑፌን የሚያይ ሁሉ ሐኪም ቤት የሠራሁ አይመስለውም።

እሳቸው ከወጡ በኋላ የሌንስ ክፍሉ ለእኔ ተሰጠኝ። ወደ እኛ ከሚመጡት አብዛኞቹ ኬራቶኮነስ የያዛቸው ናቸው። የዓይን ፊተኛው ጥርት ያለ ሽፋን እየሳሳ ይሄድና እንደ ሾጣጣ ወደ ውጭ ይወጣል። ብዙዎቹ በልጅነታቸው አቧራና አለርጂ እያሳከካቸው ዓይናቸውን ሲያሹ ያደጉ ናቸው። መነጽር እምብዛም አይረዳቸውም። የሚያሳያቸው ከአተር ክክ ብዙ የማትበልጥ ጠንካራ ሌንስ ናት።

ሌንሷ ዓይን ላይ እንዴት እንደተቀመጠች ለማወቅ ዓይኑ ላይ እንዳለች መታየት አለባት። ስለዚህ በየካርዱ ላይ በዚያ በተመሰገነው ፊደሌ «ሌንስዎን አድርገው ይምጡ» ብዬ እጽፍና ማኅተም እመታበታለሁ። ለዓመታት እንዲህ ጻፍኩ። ሌላ ነገር አልጨመርኩበትም።

ብርኽቲን ያወቅኋት በዚህ ጊዜ ነው። ቀዳማይ ወያነ ገበያው አጠገብ ቀሚስ ጥልፍ የምትጠልፍ፣ ሠላሳ ያልሞላት ሴት ናት። ግራ ዓይኗን ከልጅነቷ ጠባሳ ይዞታል። የምትሠራውም የምትኖረውም በቀኙ ነው፤ እሱም ኬራቶኮነስ አለበት። መጀመሪያ የመጣች ቀን ወደ ጣሪያው ቀና ብላ፣

«ኣያ ተሾመ፣ አምፖሉ ስንት ነው?» አለችኝ።

«አንድ።»

«ለእኔ አምስት ነው። ሁሉም ፀጉር አላቸው» አለችና ሳቀች። ጨረቃ ሰባት ሆና እንደምትወጣላት፣ ከዓይናለም ሰፈር በኩል የሚመጡ መኪኖች መብራታቸው እንደ ነጠላ ጥለት ተጎትቶ እንደሚታያት አጫወተችኝ። እኔ ሕልመኛው ደግሞ ሥራዬን ትቼ አዳመጥኳት። እንዲያውም ቀናሁባት ማለት ይቻላል። ሌንሷን ሳደርግላት ግን መጀመሪያ ያየችው ጨረቃን አልነበረም፤ የራሷን ጣቶች ነው። «መርፌ የወጋኝ ቦታ ሁሉ ይታያል!» ብላ አለቀሰች።

ከዚያ በኋላ ቀጠሮ አዛንፋ አታውቅም።

አንድ ሐሙስ ጠዋት የወረፋውን አግዳሚ ወንበር አልፌ ስገባ ነጠላዋን እስከ አገጯ ያወረደች ሴት አየሁ። ከነጠላው ሥር እንባዋ ጫማዋ ላይ ይንጠባጠባል። ተራ ቁጥሯን በሁለት እጇ ይዛለች። አሥራ አራት ይላል። ብርኽቲ ነበረች።

«ምን ሆነሽ ነው?»

«ትንሽ አሞኛል ኣያ ተሾመ። ተራዬን እጠብቃለሁ፣ ችግር የለም።»

እጇን ይዤ ጨለማው ክፍል አስገባኋት። ነጠላውን ስታነሣ ቀኝ ዓይኗ እንደ በርበሬ ቀልቷል። ከበሩ ሥር የምትገባው ቀጭን ብርሃን እንኳ አሳቀቀቻት።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከሰኞ።»

«ሰኞ! ለምን ያኔውኑ አልመጣሽም?»

«ቀጠሮዬ ሐሙስ ነዋ።»

«ሌንሱንስ መቼ አወጣሽው?»

ያጠፋ ተማሪ በሚናገርበት ድምፅ፣ «አላወጣሁትም። አንዴ ካወጣሁት በዚህ ሕመም መልሼ ማስገባት አልችልም። ሳላደርገው እንዳልመጣ ፈራሁ። አድርገሽ ነይ ብለው የጻፉልኝ እርስዎ አይደሉ?» አለችኝ።

ከቦርሳዋ ካርዱን አውጥታ ዘረጋችልኝ። ፊደሉ ያምራል። ሦስት ቀንና ሦስት ሌሊት ሌንሱን አድርጋ ተኝታለች፣ ለእኔ ስትል።

ማደንዘዣ ጠብታ አደረግሁላትና በትንሿ የጎማ መምጠጫ ሌንሱን ሳብኩት። ዓይኗን ቁስል በሚያሳየው የቀለም ወረቀት ነካ አድርጌ ሰማያዊውን መብራት አበራሁ። ከመሃሉ ትንሽ ወደ ታች ምስር የምታህል ቁስል አረንጓዴ ሆና በራች። ጨለማው ውስጥ ብቻዋን እንደ ቅጠል ታበራለች። ውብ ነበረች። ይህን ስናገር አፍራለሁ፤ ግን ያየሁትን ነው የምናገረው።

ሮጬ ዶክተሩን ጠራሁት። አጎንብሶ አየና ቀና ሳይል፣ «ለምን ዘገየች?» አለኝ።

«ካርዱ አድርገሽ ነይ ስለሚል።»

«ማን ነው የጻፈው?»

«እኔ።»

«ወደ መሃል ከሄደ ይህም ዓይን ይጠፋል። በል ጀርሙ እንዲታወቅ ሌንሱንም መያዣውንም ወደ ላቦራቶሪ ላክ» አለኝ። ከቁስሉ በስሱ ፍቆ ናሙና ወሰደ። ዓይኗን አልሸፈንነውም፤ እንዲህ ያለ ቁስል ከተሸፈነ ይብስበታል። አልጋ ያዘችና በየሰዓቱ ጠብታ ታዘዘላት።

በሥራ ሰዓቴ ጠብታውን የማደርግላት እኔ ነበርኩ። ማንም አላዘዘኝም። በመጀመሪያው ቀን ከሰዓት በኋላ፣ «ብርኽቲ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው» አልኳት።

«ዋይ ኣነ! እርስዎማ በደንብ ነው የጻፉት። አንብቤ ፈጸምኩት እንጂ» አለችኝ። ብትሰድበኝ ይቀለኝ ነበር።

ሦስት ቀን ቁስሉ አልሰፋም፣ አልጠበበምም። ጣቶቿ ብርድ ልብሱ ላይ ያለ መርፌ ጥልፍ ሲጠልፉ አያለሁ፤ እያወቀችው አልነበረም። በአራተኛው ቀን ዶክተሩ ከመመርመሪያው ላይ ቀና ብሎ፣ «ጠርዙ መሰብሰብ ጀምሯል» አለ። ኮሪደር ወጥቼ ግድግዳ ተደግፌ አለቀስኩ። ከዚያ ተመልሼ፣ «ኣጆኺ፣ አይዞሽ፣ ድነሻል» አልኳት።

ያን ቀን ጽፌ ማኅተም የመታሁባቸውን ገና ያልተሰጡ ካርዶች በሙሉ ቀደድኩ። ምነው ሲስተር ኣበባ ቀደም ብለው ይህንንም በቀደዱብኝ ኖሮ! አዲሱን በአማርኛም በትግርኛም ጻፍኩና አልጋዋ አጠገብ ተቀምጬ አነበብኩላት፦ «ሌንስዎን አድርገው ይምጡ። ነገር ግን ዓይንዎ ካመመ፣ ከቀላ ወይም እይታዎ ከደበዘዘ ወዲያው ያውጡት። ቀጠሮም ወረፋም አይጠብቁ። ሌንሱን ከነመያዣው ይዘው በዚያው ቀን ይምጡ።»

አሰብ አደረገችና፣ «ካወጣሁት በኋላ መንገዱ አይታየኝም። እንዴት ነው የምመጣው?» አለች።

ይህን ጨርሶ አላሰብኩትም ነበር። «ሰው ይምራዎት» የሚል ጨመርኩ።

«ሳላደርገው ብመጣ ይመልሱኛል?»

«ሌንስ ስላላደረጉ አይመለሱም» የሚልም ጨመርኩ። ካርዱ ሞልቶ ፊደሉ ተጨናነቀ። እንደ ድሮው አያምርም።

ከወራት በኋላ ዶክተሩ ሲፈቅድ አዲስ ሌንስ አደረግሁላት። ካርዱን ተቀብላ እስከ መጨረሻው ራሷ አነበበችው። ከዚያ ወደ ጣሪያው ቀና አለች።

«አምፖሉ አንድ ነው» አለችኝ። «ከሥሩ ግን ትንሽ ጥላ አለችበት። አትሄድም?»

«አትሄድም» አልኳት። ጠባሳዋ ናት። የእኔ እጅ ጽሑፍ ናት።

ይህን ሥራ ለምትጀምሩ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ካርድ ከማተማችሁ በፊት ታሞ ለሚያውቅ ሰው አንብቡለት። ሲጠይቃችሁ መልሱን እዚያው ጻፉበት።