በሹፌሩ ላይ ያላከክሁት ደም

የወንጀል ልብ ወለድ እንደምጽፍ የሰሙ ሰዎች ፖሊስ የነበርኩ ይመስላቸዋል። እኔ የነበርኩት ጅዳ፣ ሰው ቤት፣ ሳህን አጣቢ ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ አገር ዞሬያለሁ፤ በየሄድኩበትም አንዳንድ ሰው በወረቀት ገድያለሁ። ገዳዩ ሳይያዝ ያለቀ መጽሐፍ ግን የለኝም።

የመጀመሪያው የጓደኛዬ ታሪክ ነው። ከወሎ አብረን ወጥተን፣ እኔ ጅዳ ስቀር እሷ መካ፣ ሩሰይፋ የሚባል ሰፈር፣ ሰው ቤት ተቀጠረች። አንድ ቀን ከሦስተኛ ፎቅ ወደቀች ተባለ። ትዝለል፣ ትገፋ፣ የሚናገር ጠፋ። ሬሳዋን ያጠቡትን፣ የነካሳ እናት የሚባሉትን የአገራችንን ሴት፣ ያዩትን እንዲነግሩኝ ለመንኳቸው።

«ያየሁትን ሸፍኛለሁ፣ ልጄ። የሟች ገመና አደራ ነው። ኸላስ፣ በቃ!» አሉኝ።

የሚያውቁት ካልነገሩኝ ብዬ ራሴ ፈረድኩ። በመጽሐፌ ገዳዩን የቤቱን ሹፌር አደረግሁት፤ ማንከሱንም የወርቅ ጥርሱንም ከእውነተኛው ሹፌር እንዳለ ወሰድኩ። ለገዳይነት የሚመች መልክ ነበረው፤ ሌላ ምክንያት አልነበረኝም።

ከዓመታት በኋላ የጓደኛዬ እናት ለሐጅ ሲመጡ መካን የማውቅ እኔ ነኝና አብሬያቸው ሄድኩ። ሐጁ እንዳለቀ፣ ሻንጣ ስናስር፣ «በይ አሁን ሩሰይፋ ውሰጂኝ» አሉኝ።

«ምን ሊያደርጉ፣ እናቴ?»

«ያንን አንካሳ ዓይኑን ላየው። መጽሐፍሽን አስነብቤ ሰምቻለሁ። ካዕባ ሥር ቆሜም ረግሜዋለሁ፤ ዘሩ እንዳይባረክ።»

ልብ ወለድ ማለት ምን እንደሆነ ላስረዳቸው ሞከርኩ፤ ለራሴም ቀልድ መሰለኝ። በመጨረሻ እውነቱን ነገርኳቸው። ከዚያ ቤት ቀብሯ ላይ የተገኘው ሹፌሩ ብቻ ነበር። እያነከሰ ቃሬዛዋን ተሸክሟል፤ አፈር ሲመለስባትም አልቅሷል።

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

«ያለቀሰላትን ነው የረገምኩት?»

የያዝኩትን የሻንጣ ገመድ አስቀመጥኩ።

«ታዲያ ልጄን ማን ገደላት?»

«አላውቅም፣ እናቴ። ያኔም አላውቅም ነበር።»

ነጠላቸውን አነሱ። «ወደ ሐረም፣ ካዕባው ዘንድ፣ መልሺኝ፤ ዱዓ አድርጌ እርግማኔን ላንሳለት» አሉ።

ሐጁን ሙሉ ትከሻዬን ተደግፈው የሄዱት ሴት፣ ያን ቀን ግድግዳውን እየዳበሱ ደረጃውን ብቻቸውን ወረዱ።