ባለ ወርቅ ጫፍ፣ ሲገባ ደህና የነበረ

ሊይዙኝ የመጡት ቅዳሜ ጠዋት ነው። ቤቴን ሲፈትሹ ያገኙት አንድ የብስኩት ቆርቆሮ ሙሉ አሮጌ የቀለም ብዕር ነበር። አሥራ አንድ ናቸው። አንዱ ፖሊስ ክዳናቸውን እየነቀለ አሸተታቸው።

«ሰው አሥራ አንድ ብዕር ምን ያደርግለታል? ስንት ማመልከቻ ልትጽፍ ነው?» አለኝ።

ከአባቴ የወረስኩት አመል ነው። አባቴ ደሴ ውስጥ ሰዓትና ብዕር ይጠግን ነበር፤ እኔም ፊዚክስ ላስተምር ቦንጋ ስመደብ ቆርቆሮዬን ይዤ መጣሁ። ይህንኑ ላስረዳው ሞከርኩ። የታሰርኩት በመምህራን ስብሰባ ላይ በተናገርኩት ነው፤ ጣቢያው ውስጥ የታወቅኩት ግን በብዕሮቼ ሆነ።

ክፍሉ ለአራት ሰው ቢሠራም ዘጠኝ ነበርን። ዝናቡ ጣሪያውን ሲመታው መነጋገር አይቻልም፤ ቦንጋ ደግሞ ዝናብ አያልቅባትም። የምንጣፋቸውን ግማሽ የለቀቁልኝ ሽማግሌ ደካ ከምትባል ከተማ የመጡ ናቸው። ሠላሳ ዓመት ፍርድ ቤት ደጃፍ ተቀምጠው ማመልከቻ ሲጽፉ ኖረዋል። ስለ አንድ ጫካ መሬት ለበላይ አካል የተላከ፣ ፊርማ የሌለው አቤቱታ ነበር፤ የጻፉት እርስዎ ነዎት ብለው አሰሯቸው። ጽፈው እንደሆነ አልጠየቅኳቸውም። እዚያ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር አይጠየቅም።

እሳቸውን ያሳሰባቸው ሲገቡ የተወሰደባቸው ብዕር ነው። ድሮ አንድ ዳኛ ሲዛወሩ የሰጧቸው ነው።

«ጎኑ ላይ የምትነሣ ትንሽ ብረት አለችው?» አልኳቸው።

«አለች። እሷን ስታነሣት ቀለም ይጠጣል።»

«ጫፉስ?»

«ወርቅ ነው። ቁጥርም ተጽፎበታል።»

እንዲህ እየጠየቅኩ ሳላየው አወቅኩት። ዕድሜው ከእሳቸው እንደሚበልጥ ነገርኳቸው።

«ዋጋውስ፣ መምህር?»

«ጫፉ ደህና ከሆነ የምትታለብ ላም ከነጥጃዋ ይገዛል።»

ከት ብለው ሳቁ። «እንዲያ ከሆነ እኔን ይልቀቁኛ! ላሚቱን ይዘዋታል እኮ!»

ከዚያ ወዲያ በክፍሉ ውስጥ ብዕሩ «ላሚቱ» ተባለ።

በአምስተኛው ቀን መርማሪው አስጠራኝ። ጠረጴዛው ላይ አቤቱታው፣ የቀለም ብልቃጥና ላሚቱ ተቀምጠዋል።

«ብዕር አዋቂ ነህ አሉ። ይህን የጻፈው ይህ ብዕር ነው? አዎ ወይም አይደለም በለኝ።»

ገና ሳየው አወቅኩት። ሽማግሌው ብዕር ሲይዙ ያጋድማሉ መሰለኝ፣ ወርቁ በአንድ ጎኑ ተበልቷል። ወረቀቱ ላይም የእያንዳንዱ ፊደል ግራ እግር ወፍራም፣ ቀኝ እግሩ ቀጭን ነው። ሌላ ብዕር እንዲህ አይጽፍም።

«ሳልጽፍበት መናገር አልችልም» አልኩ።

ብዕሩን ቀለም ውስጥ ነክሬ፣ እንደ እስክሪብቶ ጨብጬ፣ በክንዴ ሙሉ ተጫንኩት። የወርቁ ጫፍ ለሁለት ሲከፈት በጣቴ ተሰማኝ። አባቴ ቢያየኝ እጄን ይመታኝ ነበር። «ለሚመለከተው ሁሉ» ብዬ ጻፍኩ፤ እያንዳንዱ መስመር ሁለት ሆኖ ወጣ፣ መሐሉ ባዶ።

«አይመሳሰልም» አልኩ።

መርማሪው ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን ያዘና «እሺ፣ ሂድ» አለኝ። ደስ አለኝ። የሽማግሌውን ዓይን ማየት ግን ፈራሁ፣ ያደረግኩትንም አልነገርኳቸውም።

በማግስቱ ጠዋት «ዕቃዎን ይዘው ይውጡ» ተባሉ። ወደ ሌላ ቦታ የሚወስዳቸው መኪና ግቢው ውስጥ ሞተሩን አስነሥቶ ቆሟል። የዚያን ቀን ኮሪደር የመጥረግ ተራው የእኔ ስለነበር ተረኛውን ፖሊስ በሹክሹክታ ጠየቅኩት።

«የእሳቸው መሄጃ ወረቀት እኮ ከተጻፈ ሦስት ቀኑ ነው» አለኝ።

መርማሪው ሲጠራኝ ወረቀቱ አልቆ ነበር ማለት ነው። እውነቱን ብናገርም ብዋሽም ይሄዳሉ። መጥረጊያውን እንደያዝኩ ኮሪደሩ ጫፍ ወዳለው ንብረት ክፍል በር ተጠጋሁ።

እዚያ ያለው ወጣት ፖሊስ መዝገቡን ለሽማግሌው አነበበላቸው። «እስክሪብቶ፣ አንድ። እዚህ ጋ ይፈርሙ ጋሼ።»

ሽማግሌው ክዳኑን ከፍተው ጫፉን ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሡ። ረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ እኔን አዩኝ። አቀረቀርኩ።

«ይህ እስክሪብቶ አይደለም ልጄ። ጻፍ። ጥቁር የቀለም ብዕር፣ ባለ ወርቅ ጫፍ፣ ሲገባ ደህና የነበረ፣ ሲወጣ ጫፉ የተከፈተ።»

«ጋሼ፣ መኪናው እየጠበቀ እኮ ነው።»

«ይጠብቅ። ሠላሳ ዓመት የሰው ነገር ሳላጓድል ነው የጻፍኩት። የእኔንም አታጓድልብኝ።»

ልጁ ጻፈ። እሳቸውም ቃል በቃል አስነብበው፣ በዚያው በተሰበረ ብዕር ፈረሙ። ቀለሙ ተዝረከረከ። ከዚያ ብዕሩን ወደ እኔ ዘረጉት።

«በመምህሩ ስም ይመዝገብ። ሲወጣ ያቀናዋል» አሉ። ማን እንዳበላሸው አልጠየቁም።

ከተፈታሁ ሁለት ዓመት አለፈኝ። ደካ ሦስት ጊዜ ሄጃለሁ፤ ሚስታቸውም እሳቸው ያሉበትን የሚነግራቸው ሰው አላገኙም። ብዕሩን ለማቃናት ግማሽ ቀን ይበቃኛል፣ መሣሪያውም አለኝ። እጄ ግን እምቢ ይለኛል፤ አፍራለሁ። ባለፈው ክረምት አዲስ አበባ ለሚኖር አንድ ብዕር ሰብሳቢ አሳየሁት። በአጉሊ መነጽር አገላብጦ ዕድሜውን እኔ እንደገመትኩት ነገረኝ። ጫፉ ባይበላሽ ኖሮ የሚያወጣውን ዋጋም ነገረኝ፤ እውነትም ላም ከነጥጃዋ ነው።

«ይህን ያደረገው ሰው ብዕር የሚባል ነገር አያውቅም» አለ፣ ራሱን እየነቀነቀ።

«ያውቃል» አልኩትና ብዕሩን ተቀበልኩት።