ዱባው ቀላ ወይ?

በሀብሩ ወረዳ ስለ ዱባ ከእኔ እኩል የሚያውቅ ሰው አልተወለደም፤ ተወልዶም ከሆነ ገና ጡት አልጣለም። የዘንድሮው ዱባዬ ካደገ ወዲህ መርሳ ላይ ፀሐይ የምትወጣው አርፍዳ ነበር፤ እሱን ዞራ ማለፍ ነበረባት። ከውርጌሳ የሚመጡ ሚኒባሶችም ዳገት እየመሰላቸው ማርሽ ይቀይሩ ነበር።

ይህን ሁሉ በስፌት ቤቴ በር ላይ ተቀምጬ ላለፈ ላገደመው ሳወራ ከረምኩ። እውነቱን ከተናገርኩ ግን ዱባው ሁለት ሰው በጆንያ የሚያነሳው ነበር። 

ነገሩ የሚጀምረው ከግራና ነው። እዚያች ቀበሌ ሼህዬ የምንላቸው ሽማግሌ አሉ። ከአባታቸው የወረሱት የዱባ ዘር አላቸው፤ ቆዳው እንደ በርበሬ የሚቀላ፣ ሲገዝፍ ጥጃ የሚያክል። ዘንድሮ ከዘሩ ጥቂት ፍሬ ለእኔ፣ ጥቂት ለጎረቤቴ ለመካኒኩ ሰጡንና የቀረውን ማሳቸው ላይ ዘሩት። ከዚያ በረዶ ወረደ። ጠዋት ሲወጡ ሐረጉ ሁሉ እንደ ጎመን ተከትፎ አገኙት።

"ልጄ፣" አሉኝ በስልክ፣ "የአባቴ ዘር ያለው እንግዲህ እናንተ ዘንድ ነው። አረንጓዴ ሆኖ ከወጣ ከሌላ ተዳቅሏል ማለት ነው፣ አይሆነኝም። ቀይ ከወጣ ግን ዘሩን ትመልስልኛለህ።"

"ሙሉውን ነው የምመልስልዎት ሼህዬ። አንቱ ብቻ ዱዓ ያድርጉ።"

እኔና መካኒኩ ዱባ የምንተክለው ለወጥ አይደለም። ማን ትልቅ እንዳበቀለ ልንፎካከርበት ነው። ሚስቴ ይህንን በሽታ ትለዋለች። ጎመኗንና ቃሪያዋን ነቅዬ ለሐረጉ ቦታ ሳሰፋ ያየችኝ ቀን፣ "አንተና ዱባህ ተጋቡ" ብላ ወጣች፤ ከዚያ ወዲህ ጓሮውን አልረገጠችም።

መካኒኩ ከበላዬ ያለው ጋራዥ ውስጥ ይሠራል። አረንጓዴ ቱታውን በቀይ ክር የሰፋሁለት እኔ ነኝ፤ የአዲስ አበባ ፋሽን ነው ብዬዋለሁ። አምና ከደሴ ባስመጣው ዘር አንድ ግራጫ ተራራ አብቅሎ ረትቶኝ ነበር። ዘንድሮ የሼህዬንም የደሴውንም ዘርቶ፣ የበረታውን ሐረግ ብቻ አስቀረ። የትኛው እንደቀረ ግን ትንፍሽ አይልም።

እኔም ዝም ብዬ አልተቀመጥኩም። ስልኬ ላይ የውጭ አገር ሰዎችን አገኘሁ፤ እንደኛው ለፍቅሩ ብለው ግዙፍ ዱባ የሚያሳድጉ። እነሱ ዱባና ስኳሽ እያሉ ለይተው ነው የሚመዝኑት። ሁለቱም አንድ ዓይነት ተክል ነው፤ ሐረጉ አንድ፣ አበባው አንድ፣ ከአንድ ፍሬ የወጣ ዘር እንኳ አንዱ ዱባ ሌላው ስኳሽ ሊሆን ይችላል። የሚለያቸው የቆዳው ቀለም ነው። ቢጫ ወይም ብርቱካናማ ከሆነ፣ ከቀላም፣ ዱባ ተብሎ ይመዘናል። አረንጓዴ ወይም ግራጫ ከሆነ ስኳሽ ነው፤ ዝሆን ቢያክልም ከዱባ ጋር ሚዛን ላይ አይወጣም።

ስልኬን ይዤ ወደ ጋራዡ ሮጥኩ።

"ዘንድሮ በዚህ ሕግ ነው" አልኩት።

መካኒኩ ከመኪና ሥር ወጥቶ አየው። "ቀለሙ ምን ያደርግልሃል? ልታገባው ነው?"

"ሕግ ሕግ ነው።"

"እሺ" አለ እጁን እየጠረገ። "ኋላ እንዳታለቅስ።"

ፈገግታው አላማረኝም። በማግስቱ በአጥሩ ቀዳዳ ዱባውን አጮልቄ አየሁ። ጠቆር ያለ ነው። የደሴው ነው ብዬ ደመደምኩ።

የእኔን ግን ማንም እንዲያየው አልፈቀድኩም። ፀሐይ ቆዳውን እንዳያደርቀውና እንዳይሰነጠቅ አሮጌ አንሶላ አለበስኩት፤ አንሶላው የሰው ዓይንም ይመልሳል። እናቴ ደግሞ፣ እያደገ ያለ ዱባ በጣት ከተጠቆመ ይበሰብሳል ትል ነበር። ስለዚህ ደንበኛ እንኳ ወደ ጓሮው እጁን ሲዘረጋ መቀሱን ይዤ እነሳለሁ። ጎሕ ሲቀድ ብቻዬን እገባና የአንሶላውን ጫፍ ገልጬ አፈጣለሁ። ፈዘዝ ብሏል። ነግቶ ሲመሽ ይበልጥ የፈዘዘ ይመስለኛል። ዱባ ሲበስል የሚሆነው ይኸው አይደል? ሚስቴን ጠርቼ "እስቲ እይልኝ" ማለት አማረኝ። የጎመኑ ነገር ትዝ ሲለኝ ተውኩት።

ሼህዬ በየጁምዓው ከመስጊድ ሲወጡ ይደውላሉ። ሰላምታው ረጅም ነው፣ ጥያቄው አጭር።

"ቀላ ወይ?"

"እየቀላ ነው ሼህዬ።"

በሌላው ጁምዓ፣ "ቀላ?"

"ቀላ። ፍም ነው የሚመስል።"

"አልሃምዱሊላህ። የመካኒኩስ?"

"የሱማ ሳር ነው። በሬ እንዳያየው ነው የምሰጋ።"

ሳቁ።  "እንግዲያስ ያለኝ ያንተው ብቻ ነው። የእህቴ ልጅ ሌላ ዘር ላምጣልዎት ቢለኝ፣ የአባቴ ዘር መርሳ አለ ብዬ መለስኩት።"

 ያን ቀን የአንድ ሱሪ ሁለቱንም እግር በግራ ቆረጥኩ።

የሚዛኑ ቀን ሁለቱን ዱባዎች እንደተሸፈኑ በአንድ ፒካፕ ጭነን ወደ ወልድያ ተነሳን። ሚዛኑ ያለው መናኸሪያው አጠገብ፣ የአንድ እህል ነጋዴ መጋዘን ውስጥ ነው። እኔ ከኋላ፣ በዱባዎቹ መሀል ተቀምጬ፣ መኪናው በነጠረ ቁጥር የራሴን አቅፋለሁ። መካኒኩ ከፊት ሆኖ ያፏጫል። ሰው ሊሸነፍ ሲሄድ እንዲህ አያፏጭም።

ሼህዬ ቀድመውን ደርሰው በር ላይ ቆመዋል። እጃቸው ላይ አፉ በክር የሚታሰር ነጭ የጨርቅ ከረጢት አለ፤ አዲስ፣ ባዶ። ለዘሩ ነው። 

"ያንተ ይቅደም" አለ መካኒኩ።

አንሶላውን ሳብኩት።

 ነጋዴው ጣቱን ወደ ዱባው አነሳና ነውሩ ትዝ ሲለው መልሶ አጠፈው። የመጋዘኑ ተሸካሚዎች እርስ በርስ ተያዩ። መካኒኩ ቀስ ብሎ፣ "ስኳሽ" አለ።

የቀለደ መስሎኝ ሳቅኩ። አብሮኝ የሳቀ የለም።

ከዚያ እሱ የራሱን ገለጠ። ሼህዬ ምርኩዛቸውን ጥለው ሄዱና፣ በሁለት እጃቸው እንደ ልጅ ራስ ዳበሱት። "አልሃምዱሊላህ፣ የአባቴ ነው" አሉ።  ቀዩ የትኛው እንደሆነ እኔ ያወቅሁት እጃቸው ካረፈበት ነው።

መካኒኩ ዘሩ የእርስዎ ነው አላቸው፣ ሳይጠየቅ። እሳቸው መረቁት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ፤ ፊታቸው ግን ከእኔ ዘንድ ሲደርስ ጠቁሮ ነበር።

"ቀይ ያልከኝ አረንጓዴ። አረንጓዴ ያልከኝ ቀይ። የእህቴን ልጅ ያስቀረሁት ባንተ ቃል ነው። በእኔ ሽበት ነው የምትቀልደው?"

"ይሄማ ለቅሶ ቤትም ይቀልዳል ሼህዬ" አለ መካኒኩ።

ቀልድ ፈለግሁ። ሁልጊዜ አፌ ውስጥ ተሰልፎ የሚጠብቀኝ ቀልድ አንድም አልመጣ። ከረጢቱን ብቻ አየሁ። የመካኒኩ ዱባ ባይኖር ኖሮ ባዶውን ይዘውት ይመለሱ ነበር።

"አልቀለድኩም ሼህዬ" አልኩ። "ቀይና አረንጓዴ አይለይልኝም። ከተወለድኩ ጀምሮ ሁለቱም ለእኔ አንድ ናቸው።"

ሼህዬ ውሸት ይሁን እውነት እየመዘኑ አዩኝ። መካኒኩ ግን ቀስ ብሎ አንገቱን ደፍቶ የራሱን ቱታ ስፌት አየ።

"አንተ፣" አለ፣ "ልብስ ሰፊ አይደለህ እንዴ?"

ነኝ። ክሩን እየለየች መደርደሪያው ላይ በተራ የምታስቀምጥልኝ ሚስቴ ናት። የእሱንም ቱታ በቀይ ክር የሰፋሁት ፋሽን ስለሆነ አልነበረም፤ ያን ሰሞን እናቷን ልትጠይቅ ሄዳ ስለነበር ነው።