«እንደ እሳቸው ቻል አድርጊው»

የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች ሴት በመካከላቸው አስቀምጠው አያውቁም ነበር። አምና ብርዱ ሲጀምር ግን ወጣቶቹ፣ ባልና ሚስት ሲጣሉ ወንዶች ብቻ ተቀምጠው እንዴት ይፈርዳሉ እያሉ ስላስቸገሩ፣ አንዲት ሴት ትጨመር ተባለ። እኔን መረጡ። የደወሉልኝ ዋናው ሽማግሌ ናቸው፤ ከከተማው ሌላ ጫፍ ከኤድመንተን ድረስ ራሳቸው እየነዱ የሚመጡ፣ ሰው ሁሉ ጋሼ የሚላቸው። «እርስዎ ዕድሜም ትዳርም ያዩ ነዎት» አሉኝ። እሺ አልኩ። ስልኩን ካስቀመጥኩ በኋላ ግን እስከ እሁድ በቅጡ ምግብ አልቀመስኩም።

ምክንያቱን ለማንም አልነገርኩም። እኚህ ሰው ከብዙ ዓመት በፊት እኔንም አስታርቀውኛል። ያኔ አዳራሽ እንኳ አልነበረንም፤ የምንሰበሰበው በሰው ሳሎን ነበር። ባሌን ጥዬ ዋይት ሲቲ የሚባለው ሰፈር ጓደኛዬ ጋ ሄጄ ሳለ ሦስት ሆነው መጡ። አለቀሱልኝ፣ ጸለዩልኝ፣ ከዚያ በጋሼ መኪና ወስደው በራፌ ላይ አወረዱኝ። እነሱ ወደ ቤት አልገቡም። እኔ ገባሁ።

እሁድ ከአምልኮ በኋላ፣ ዌምብሊ ከተከራየነው አዳራሽ ጀርባ ባለችው የሕፃናት ክፍል ተቀመጥን። ወንበሩ ሁሉ የልጆች ነው። ትልልቅ ወንዶች ጉልበታቸው አገጫቸውን ሊነካ ምንም ሳይቀረው ተጣጥፈው ሳይ፣ በሌላ ቀን ቢሆን እስቅ ነበር። ባሏን ጥላ የወጣች አንዲት ልጅ ከፊታችን ናት። በባሏ ቪዛ ከአገር ቤት ከመጣች ብዙም አልቆየች፤ ትልቁ የገበያ ማዕከል ውስጥ ልብስ ቤት ትሠራለች። ባሏ ኮሪደሩ ላይ ይጠብቃል። ወዲያ ወዲህ ሲል የጫማው ኮቴ ይሰማናል።

የተጠራንበት ጉዳይ አንድ ነው፤ ዛሬ ከእሱ ጋር ወደ ቤቷ ትመለስ ወይስ አትመለስ። ለጥቂት ቀናት የሥራ ባልደረባዋ ሶፋ ላይ ስታድር ሰንብታለች። ቀስ እያለች ነገረችን። ሎኬሽኗን በስልኩ ቼክ ያደርጋል፤ አውቶቡስ ከዘገየ፣ የት ነበርሽ ነው። መልስ ከሰጠችው ቪዛሽን አሰርዛለሁ ይላታል። በመጨረሻም ቤታቸው ደረጃ ላይ ገፍቷታል። እጅጌዋን ሰብስባ ክንዷን አሳየችን።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ ታክሲ የሚነዱ፣ ደግ የሚባሉ ሰው፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉና «ገፋኝ ነው ያልሽው። እጁን አንስቶብሻል?» አሏት።

«ታዲያ በምኑ ይገፋኛል፣ በኮፍያው?» አለች።

እኔ በዚያች መልሷ ወደድኳት፤ ወዲያው ደግሞ ፈራሁላት። እንዲህ የምትመልስ ሚስት ቤት ስትገባ ምን እንደሚጠብቃት አውቃለሁ።

ከዚያ ጋሼ ነገሩን ያዙት። ድምፃቸው ለስላሳ ነው፤ ሁልጊዜም ለስላሳ ነበር። ስለ ይቅርታ፣ ስለዚህ አገር ፈተና፣ ፖሊስ አንዴ ከገባበት በኋላ ቤት ቤት እንደማይሆን ተናገሩ። ሲጨርሱ እጃቸውን ወደ እኔ ዘረጉ።

«እሳቸውን ተመልከቺ። በትዳራቸው ብዙ አይተዋል። ግን ታገሡ፤ ባላቸውን በክብር ቀበሩ፣ ልጆቻቸውን ለወግ ለማዕረግ አበቁ። እንደ እሳቸው ቻል አድርጊው።»

ለካ ለዚህ ነው የፈለጉኝ። እንድፈርድ አልነበረም፤ ለማሳያ ነበር። ባሌ ሲቀበርም እንዲሁ፣ ትዳራችን ለሁሉም አርአያ እንደሆነ ሲናገሩ፣ ከፊት ተቀምጬ ዝም ብዬ ሰምቻቸዋለሁ። የቤቴን ጉዳይ ለሰው መዘርገፍ አልወድም። ልጆቼ እንኳ የሚያውቁት በዓይናቸው ያዩትን ብቻ ነው።

ልጅቷ ዞራ አየችኝ። ፊቷ ላይ የነበረው እልህ እየለቀቃት፣ ትከሻዋ እየወረደ መጣ። ልትመለስ እንደሆነ ገባኝ። የምትመለሰውም እኔን አይታ ነው።

«ጋሼ» አልኩ፣ «ያን ቀን በራፌ ላይ ካወረዱኝ በኋላ የሆነውን አንድ ቀን ጠይቀውኝ ያውቃሉ?»

«የቆየ ነገር እኮ ነው፣ እህቴ። ዛሬ ምን አመጣው?»

«መኪናዎ ከመንገዱ ሳይታጠፍ ነው የመታኝ። ሽማግሌ ሰበሰብሽብኝ ብሎ። ግራ ጆሮዬ ከዚያ ቀን ወዲህ አይሰማም። ሰው እርጅና ይመስለዋል።» ከዚያ ወደ ልጅቷ ዞርኩ። «እኔ አልቻልኩትም፣ ልጄ። መሄጃ አጥቼ ነው የኖርኩት።»

ኮሪደሩ ላይ ኮቴው ቆመ። ጋሼ፣ በራሴ ብሶት የሰው ቤት እንዳላፈርስ በዚያው ለስላሳ ድምፅ መከሩኝ። ይቅርታ አልጠየቁኝም። አልዋሽም፣ ጠብቄ ነበር።

ልጅቷ ቦርሳዋን አነሳች። «አልመለስም» አለች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም።

ከሕፃናቱ ክፍል ወደ ወጥ ቤቱ፣ ከወጥ ቤቱ ደግሞ ወደ ጓሮው መንገድ የሚያወጣ በር አለ። ድስት የምናስገባው በዚያ ስለሆነ ከሴቶቹ በቀር ልብ ብሎት የሚያውቅ የለም። በዚያ ይዣት ወጣሁ። ፌርማታው ጋ ስንደርስ ነው ስልኳ ትዝ ያለኝ። የት እንደቆምን እያየ ይሆናል። ነገርኳት፤ አጠፋችው። አውቶቡሱ እስኪመጣ ድረስ ያለፈው መኪና ሁሉ የእሱ መሰለኝ። አንዱም ግን አልቆመም።

ከዚያ በኋላ በኔ ቦታ ሌላ ሴት፣ ጭምት የሚሏት፣ ተተካች። ጋሼ አሁንም ይደውሉልኛል። ባልየው ተጸጽቷል፣ ሌት ተቀን ያለቅሳል፣ ለጸሎት ብቻ ነውና ያለችበትን ይንገሩኝ ይላሉ። አላውቅም እላቸዋለሁ። አውቃለሁ። በቀደም አብረን ውለናል፤ ወፍራለች፣ እንግሊዝኛ ትምህርትም ጀምራለች። የት እንደሆነች ግን እዚህም አልጽፈውም። ባልየው የኔን ቤት ያውቀዋል። በር በተንኳኳ ቁጥር ቴሌቪዥኑን ዝም አሰኝቼ፣ በደህናው ጆሮዬ በሩ ላይ ተለጥፌ፣ ማን ነው ሳልል ብዙ እቆያለሁ።