ዓይኑን ጨፍኖ የሚሠራው ሰው

ጠዋት ጠዋት ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ያደርግና ዓይኑን ይጨፍናል። ከዚያ ኮምፒውተሩ በሚያነብለት ድምፅ ብቻ እየተመራ፣ ራሱ የሠራውን ድረ ገጽ በኪቦርድ ይሞላል።

"ዝም በሉ፣ ጋሼ ጸሎት ላይ ናቸው" ይላሉ ባልደረቦቹ።

ሥራው ሲነኩ የአማራጮች ዝርዝር የሚዘረጉ የድረ ገጽ መምረጫ ሳጥኖችን መሥራት ነው። ድረ ገጽ ከሚከፍተው ብራውዘር ጋር የሚመጡት ሳጥኖች ባያምሩም ለሚያነበው የኮምፒውተር ድምፅ ይታዘዛሉ፤ አለቃው የሚወዳቸው፣ በእጅ የተሳሉት ግን ዲዳ ናቸው፣ ድምፁ አያነባቸውም። ዘንድሮ የብራውዘሩን ሳጥን እንደ ልብ ማስዋብ ስለተቻለ፣ ደስ ብሎት አስውቦ አቀረበ።

"የሳጥኑ ቀስት በዚህኛውና በዚያኛው ብራውዘር ላይ አንድ ዓይነት አይደለችም" አለው አለቃው። "የድሮውን መልስልኝ።"

መለሰው። በማግስቱም ዓይኑን ጨፍኖ ዲዳውን ሳጥን ሲዳብስ ዋለ።

ለመሥሪያ ቤቱ መጽሔት ስለ ሠራተኞች የምትጽፈው ልጅ አጠገቡ ተቀምጣ ታየዋለች። ሸሚዙ ተዛንፎ ተቆልፏል። ልትነግረው አፈረች።

"ለዓይነ ስውራን ብለው ነው አይደል የሚደክሙት?" አለችው።

"እንደሱ ብለሽ ጻፊ፣ ያምራል።" የሻይ ብርጭቆውን በእጁ ፈልጎ አገኘው። "ግራ ዓይኔ ከጠፋ ቆየ፣ ቀኙም መንገድ ላይ ነው። እሱን ግን ተይው፣ ልጄ።"